ጠቡን ያየ ልጅ

ሐዋሳ፣ መናኸሪያ፤ ረፋድ። ወደ ይርጋለም የሚሄደው ቅጥቅጥ ገና አልሞላም። ከጀበና ቡናዋ አጠገብ በርጩማ ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል፦ አንዷ የሁለተኛ ደረጃ የሥነ ዜጋ መምህርት፣ ሌላው ሥራውን ለወጣቶች የለቀቁ የቀድሞ ተራ አስከባሪ። አንድ ሊስትሮ የመምህርቷን ጫማ ይዟል። ቀደም ሲል እዚያው ፊት ለፊት ሁለት ረዳቶች ተናንቀው ነበር።

መምህርት፦ ጋሼ፣ ያ ልጅ ቡናውን ከፍሎለት ሄደ እኮ! አሁን አንገት ለአንገት የተያያዙት እነሱ ናቸው?

ጋሼ፦ ታዲያ ምን ያድርግ? ተራው የሌላ መኪና ነው። አንዲት ሴትዮ ወደዚያ እያመራች ሻንጣዋን ከእጇ ነጥቆ የራሱ መኪና ላይ ጫነው። ባለ ተራው ሸሚዙን ቢጨብጠው አይፈረድበትም። ደግነቱ ቡጢ ሳይጀመር ትልቁ ልጅ ደረሰ። «አንተ ምን ሆንክ? አንተስ?» ብሎ ሁለቱንም አስጨርሶ ሰማቸው። ሻንጣው ተመለሰ፣ አጥፊው ቡና ገዛ፣ አለቀ።

መምህርት፦ እኔን የገረመኝስ ተመልካቹ ነው። ይሄ ማሙሽ አንዱን ጫማዬን ቀብቶ ሌላውን ትቶ፣ ቡርሹን እንደያዘ ሄዶ ሲሰማ ነበር።

ልጁ፦ ይቅርታ ቲቸር፣ አሁን እጨርሳለሁ።

መምህርት፦ ተቆጥቼ አይደለም። ግን ምን ልታይ ሄድክ?

ልጁ፦ ማን እንደሚከፍል።

መምህርት፦ ሰሙት ጋሼ? ማን እንደተማታ አይደለም፣ ማን እንደሚከፍል!

ጋሼ፦ እሱማ ልክ ነው። እዚህ የሚመጣ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው እሱን ነው። ማንም አስቀምጦ ሕግ አያነብለትም። የሊስትሮ ሣጥኑን የሰው ቦታ ላይ ያስቀምጣል፤ ያነሡበታል። የሌላውን ደንበኛ ይጠራል፤ አንድ ቀን ሙሉ የሚያናግረው ያጣል። ከሦስተኛው በኋላ ያውቃል። ይሄ ልጅ ሲመጣ አማርኛ እንኳ አጥርቶ አይናገርም ነበር፣ ዛሬ በሦስት ቋንቋ ይደራደራል። ደንቡን ግን ከቋንቋው በፊት ነው የያዘው።

መምህርት፦ እኔ ደግሞ ክፍል ገብቼ አስራ አንድ ዕሴት አስተምር ነበር። በቀድሞው ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፉ 11 ምዕራፍ ነበር፦ ከዴሞክራሲያዊ ሥርዓት ግንባታ ጀምሮ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ አገር ወዳድነት እያለ በቁጠባና በኅብረተሰብ ተሳትፎ አድርጎ ዕውቀትን መሻት ላይ ያልቃል። ተማሪው በቅደም ተከተል ይወጣዋል፤ ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት ይወጣዋል። ፈተና ሲደርስ የኃላፊነትን ትርጉም ከጎኑ ካለው ልጅ ይኮርጃል።

ጋሼ፦ (እየሣቁ) ኃላፊነትን ኮረጀ?

መምህርት፦ የምሬን ነው። ግን ይስሙኝ፣ ተማሪው ደንብ አያውቅም ብዬ ለብዙ ጊዜ ከመምህራን ጋር ስከራከር ነበር፤ እነሱ «ግብረ ገብ ስለቀረ ነው» ይላሉ። በንጉሡ ዘመን ግብረ ገብ ይሰጥ ነበር፣ ደርግ አስቀርቶ በፖለቲካ ትምህርት ተካው፣ ከዚያ ሥነ ዜጋ መጣ፣ አሁን ደግሞ ግብረ ገብ ለታች ክፍሎች ተመልሷል። ስሙ ይሄድና ይመጣል። ልጁ ግን ደንብ አጥቶ አይደለም። ሁለት ደንብ አለው። አንደኛው «አትኮርጅ» ይላል። ሁለተኛው «ጓደኛህ ሲቸገር ዝም ብለህ አትይ» ይላል። ያላስኮረጀ ልጅ ክፍል ውስጥ ስሙ ምን እንደሚባል ያውቃሉ? ስስታም። በዓመቱ መጨረሻ አብሮት የሚወጣ የለም። እንግዲህ ልጁ እንደዚህ ማሙሽ ያያል፤ የቱን ብጥስ ነው የሚያስከፍለኝ ይላል። ያስኮረጀ ሲቀጣ አላየም፤ ያላስኮረጀ ሲገለል አይቷል።

ጋሼ፦ ትልልቆቹስ?

መምህርት፦ ትልልቆቹማ ባሰባቸው! የ12ኛ ክፍል ፈተና መልስ ሲሾልክ ከተማሪው ጀርባ ትልቅ ሰው ነበረ። ለዚያ ነው በጥቅምት 2015 ተፈታኙን ሁሉ ከየሰፈሩ አንሥተው ዩኒቨርሲቲ ግቢ አስገብተው የፈተኑት። ከግማሽ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ሆነ። አገር ጉድ አለ። እኔ ግን በውጤቱ አልደነገጥኩም። የደነገጥኩት ልጅን ሐቀኛ ለማድረግ ከአሳዳጊው መለየት ያስፈልጋል መባሉ ነው።

ጋሼ፦ ከባድ ነገር ተናገርሽ።

መምህርት፦ ጎዳና ላይ አንድ ልጅ ባለጌ ሲሆን ምን እንላለን? «አሳዳጊ የበደለው»። ስድቡ ለልጁ ነው፣ ፍርዱ ግን ያሳደገው ላይ ነው። ይሄ ማሙሽ ነገ ቢያጠፋ ያን ስድብ ማን ይውሰደው? እናቱ ገጠር ናት። ያሳደገው ይሄ መናኸሪያ ነው።

ጋሼ፦ እኛ ነና።

መምህርት፦ እናንተ ናችሁ፤ እኔም በጫማዬ በኩል።

ጋሼ፦ እንግዲህ እኔ የማውቀውን ልንገርሽ። የተወለድኩት ሸበዲኖ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲጣላ ነገሩ ሶንጎ ይቀርባል፤ ሽማግሌዎች ከዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ነገር ያለው ተነሥቶ «አፊኒ?» ይላል፤ ሰምታችኋል ወይ ነው። ሳይሰማ አይፈረድም። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይናገራል፣ ሽማግሌው ሃላሌውን፣ እውነቱን ማለቴ ነው፣ እየፈለገ ይጠይቃል። አንዳንዴ ቀኑን ይፈጃል። እኛ ልጆች ከኋላ ነን። ከብት እንጠብቃለን የሚል ሰበብ አለን። ልጅ አይናገርም፣ ግን አይባረርም። ስለ ድንበር፣ ስለ ላም፣ ስለ ስድብ ካሣ የማውቀውን ሁሉ እዚያ ሣር ላይ ተኝቼ ነው የሰማሁት። አባቴ ‹ሳትሰማ አትፍረድ› ብሎ መክሮኝ አያውቅም። የተናደደ ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ተራውን ጠብቆ ሲቀመጥ አየሁት፣ በቃ።

መምህርት፦ ከተማ ውስጥስ?

ጋሼ፦ ከተማ ውስጥማ ባልና ሚስት ይጣላሉ። ልጁ ሳህኑ ሲሰበር ይሰማል፤ ሌሊቱን ይሰማል። በማግስቱ ሽማግሌ ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ያኔ «ልጆች፣ ወጣ በሉ፣ ውጭ ተጫወቱ» ይባላል። ልጁ ሲመለስ እናቱ ምሳ እያቀረበች ነው። እንዴት ታረቁ? ማን መጀመሪያ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ? ጉልበት ላይ የወደቀው ማን ነው? ምንም አላየም። እንግዲህ ይሄ ልጅ አድጎ ሲያገባ መጣላቱን ያውቅበታል፤ የሚቀጥለውን ከየት ያምጣው?

መምህርት፦ ይሄን ብዙ ሰው የሚያስበው አይመስለኝም። ጠቡን ያሳየነውን ልጅ ዕርቁን እንደብቀዋለን። ግን ልከራከርዎት። የእናትና የአባቱን ገመና ልጅ ይስማ ማለት ነው?

ጋሼ፦ ሁሉን አይስማ። ግን ማለቁን ይይ። አባቱ «ይቅር በይኝ» ሲል አንድ ቀን ቢሰማ ክብሩ ይቀንሳል ትያለሽ?

መምህርት፦ አይቀንስም። ሁለተኛ ነገር፦ እርስዎ ሣሩ ላይ ተኝተው ሲሰሙ እህትዎ የት ነበረች?

ጋሼ፦ (ትንሽ ቆይተው) ውኃ ልትቀዳ። ሶንጎ የወንድ ነው።

መምህርት፦ እንግዲህ ከግማሹ ልጅማ ድሮም ተደብቋል።

ጋሼ፦ ሴቶቹም የራሳቸው ነበራቸው እኮ፤ ያካ ይባላል። ባል ሚስቱን ሲበድል ሴቶቹ በትራቸውን ይዘው በአንድነት ይወጣሉ። ያን ቀን የወንዱን ፊት ባየሽ! እህቴ የተማረችው ከዚያ ነው፤ እኔ ከምነግርሽ የበለጠ ትነግርሽ ነበር።

መምህርት፦ እሱንስ ልስማው። ግን ወደ ከተማችን እንመለስ። በሰኔ 2010 እዚሁ ሐዋሳ ውስጥ ሰው የሞተበትን ጊዜ ያስታውሳሉ።

ጋሼ፦ እንዴት ይረሳል።

መምህርት፦ በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፊቼ ጨምበላላ ሰሞን ነበር የሆነው፤ የዓመቱ ትልቅ የሰላም በዓል ላይ። የዚያን ጊዜ አምስትና ስድስት ዓመት የነበሩ ልጆች ዛሬ ክፍሌ እየገቡ ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን ሲሸሽ አይተዋል። ማን ከማን እንደሚገዛ፣ የማን ሱቅ እንደተዘጋ አይተዋል። በኋላ ሽማግሌ ተቀምጧል፣ ዕርቅ ተብሏል። ስንቱ ልጅ ነው ዕርቁን ያየው? ስንቱ ነው ሁለት የተኳረፉ ጎረቤቶች መጀመሪያ «እንደምን አደርክ» ሲባባሉ በዓይኑ የተመለከተው?

ጋሼ፦ እዚህ ያሉት አይተዋል። መናኸሪያ ኩርፊያ አያዋጣም። ወላይታው መኪና ሲዳማውን ካልጫነ፣ ሲዳማው ረዳት ከወላይታው ሾፌር ጋር ካልወጣ ያ ቀን እንጀራ የለም። መጀመሪያ በዓይን ሳይተያዩ ሠሩ፣ ከዚያ ጸያፍ ቀልድ ተጀመረ፣ ቀልዱ ሲመለስ አበቃ አልን።

መምህርት፦ ፊቼንም ካነሣን፣ ለልጅ የሚሰጠው ትምህርት በሙሉ እዚያ አለ። ዩኔስኮ በኅዳር 2008 በማይዳሰሱ ቅርሶች ላይ ሲመዘግበው ካነሣቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው፤ ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ ጎረቤትን እንኳን አደረሳችሁ ይላሉ፣ በየቤቱ ቡሪሳሜ ይበላሉ።

ጋሼ፦ «አይዴ ጨምበላላ!» እያሉ። የማያውቁት ቤት የለም። የተጣላሽው ጎረቤት እንኳ ልጅሽን መልሶ አይልከውም፤ በቅቤ ያበላዋል። እኔ ልጅ ሆኜ አባቴ የማያናግረው ሰው ቤት ገብቼ በልቼ ወጥቻለሁ። ስመለስ አባቴ «ምን አበሉህ?» አለኝ። «ቡሪሳሜ» አልኩ። «ቅቤው በዛ ያለ ነበር?» አለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ኩርፊያው ላላ።

መምህርት፦ (እየሣቀች) ዕርቁ በልጅ አፍ ገባ። ሌላ የማነሣው ነገር አለኝ። በበዓሉ ላይ የጎሣ መሪዎች ሕዝቡን ይመክራሉ፤ ሥሩ፣ ታላቅን አክብሩ፣ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ፣ በሐሰት አትመስክሩ፣ አትስረቁ፣ አትለምኑ ይላሉ። «አትለምኑ» የሚለው ላይ ሁልጊዜ እቆማለሁ። ምክንያቱም አባቴ የቆሎ ተማሪ ነበር፣ ጎጃም። ቤቱ እህል ሞልቶ ሳለ ደበሎ ለብሶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ቁራሽ ለምኖ ነው የተማረው። ለምን ሲባል፣ ትዕቢት እንዲወጣለት። ውሻ እያሯሯጠው ዳዊት ደገመ። አባቴ ልመናን እንደ ትምህርት ቤት ያከብረው ነበር፤ እርስዎ ጋ ደግሞ ነውር ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። እዚሁ መናኸሪያ የሚያድግ ልጅ ሁለቱንም ይሰማል።

ጋሼ፦ ይምታታበታል ማለት ነው?

መምህርት፦ ይሄ ልጅ ተምታቶበት አይቼ አላውቅም። የሚምታታብን እኛ ነን። ማሙሽ፣ እናትህ ከቤት ስትወጣ ምን አለችህ?

ልጁ፦ ሰው ሲበላ አትይ። እንብላ ሲሉህ «ብሉ» በል። ብቻህን አትብላ።

መምህርት፦ እዚህ ስትመጣስ ምን አሉህ?

ልጁ፦ ማንም የሰጠህን እንዳትበላ።

ጋሼ፦ እኔ ነኝ ያልኩት። መኪና ውስጥ ብስኩት አብልተው አደንዝዘው ኪስ የሚያጥቡ አሉ።

መምህርት፦ አዩ! «እንብላ» ከሚለው ቤት ወጥቶ «አትብላ» ወደሚለው ገባ። ልጁ ግን ሁለቱንም ይዟል። ከማን ጋር የትኛው እንደሚሠራ ያውቃል። ትናንት ከእሱ ከሚያንስ ልጅ ጋር ዳቦ ሲካፈል አይቼዋለሁ።

ጋሼ፦ ኧረ ይሄ ልጅ ጨዋ ነው።

መምህርት፦ ጨዋ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቀው። ማሙሽ፣ ቅድም ያ ረዳት ቡናውን የገዛው ለማን ነው?

ልጁ፦ ለባለ ተራው።

መምህርት፦ ሻንጣዋን የተነጠቀችው ማን ናት?

ልጁ፦ ሴትዮዋ።

መምህርት፦ ለሷስ ምን ተባለ?

ልጁ፦ እሷ ተሳፋሪ ናት።

ጋሼ፦ ...

መምህርት፦ ጋሼ፣ እሱንም ተምሯል። እናንተ እርስ በርስ ፍርድ ታውቃላችሁ፤ ዕርቁ በአደባባይ ነው፣ ልጁ ይሰማል፣ ድንቅ ነው። ግን ፍርዱ የሚሠራው ለአባላት ነው። ተሳፋሪ ውጭ ነው። በበዓል ሰሞን ከታሪፍ በላይ ሲጠየቅ ዝም የሚባለውም ለዚያ ነው። የሠፈሩ ሰው ሲበደል ካሣ አለ፤ መንገደኛ ሲበደል «ተሳፋሪ ናት»።

ጋሼ፦ እሱን ልክድሽ አልችልም። በኛ ጊዜ ተሳፋሪ የበደለ ረዳት ከመውጫው ይመለስ ነበር ልልሽ ፈልጌ ነበር። አንዳንዴ ይመለስ ነበር። ሁልጊዜ አይደለም።

መምህርት፦ ስለ ልጅና ደንብ ካነሣን፣ የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ በ1932 እ.ኤ.አ. ስለ ልጆች የግብረ ገብ ፍርድ መጽሐፍ አሳትሟል። ሰውየው ምን አደረገ መሰልዎት፣ ብይ የሚጫወቱ ልጆች ዘንድ ሄዶ «ድሮ እጫወት ነበር፣ ረስቼዋለሁ፣ አስተምሩኝ» አላቸው። እነሱም አስተማሩት።

ጋሼ፦ ብልህ ነው።

መምህርት፦ ትንንሾቹን «ይሄን ደንብ ማን አወጣው?» ሲላቸው አባቶቻችን፣ እግዚአብሔር፣ የከተማው ሹማምንት ይላሉ። መቀየር ይቻላል ወይ ሲላቸው በጭራሽ ይላሉ። አስር፣ አስራ ሁለት ዓመት የሞላቸው ግን ሁላችን ከተስማማን ይቀየራል ይላሉ። ያን ደረጃ ያደረሳቸው አባት አይደለም፣ መምህርም አይደለም፤ ከእኩዮቻቸው ጋር መጨቃጨቃቸው ነው። አዋቂ ጣልቃ ቢገባ ኖሮ ጭቅጭቁ ይቆም ነበር፣ ትምህርቱም አብሮ።

ጋሼ፦ እዚህ ሁለት ዓይነት ልጅ አለ ማለትሽ ነው። አንዱ ተራ የሚያከብረው ስለምንቆጣው፣ አንዱ ተራ የሚያከብረው ነገ ተራው የሱ ስለሚሆን።

መምህርት፦ ሦስተኛም አለ፤ ደንቡን የማያወጣው ሰው፣ ተሳፋሪው፣ ደንቡ ውስጥ ለምን እንደሌለ የሚጠይቅ።

ጋሼ፦ እሱ ገና አልመጣም።

መምህርት፦ ይመጣ ይሆናል። እነዚያን ልጃገረዶች ያዩዋቸዋል? ፌስታል ይዘው፣ አንደኛዋ ስልኳን ጡቷ ውስጥ የወሸቀችው?

ጋሼ፦ ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ናቸው። ድሮ በየቀኑ ይመጡ ነበር፤ አሁን ቀንሷል።

መምህርት፦ ፓርኩ በሐምሌ 2008 ሲመረቅ ተማሪዎቼ ሄደው ገብተዋል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሠራተኛው ቶሎ ቶሎ ይለቅ ነበር። ባለ ፋብሪካዎቹ «የሥራ ባህል የላቸውም» አሉ። አንዷ ተማሪዬ የነገረችኝን ልንገርዎት። የአጎቷ ለቅሶ ደረሰና ሳታስፈቅድ ሄደች፤ ሦስት ቀን ተቀምጣ ተመለሰች፤ ደመወዟ ተቆረጠ። ገርሟት አለቀሰች። እንዴት ለለቅሶ ሰው ይቀጣል? ቤቷ ለቅሶ መቅረት ነው የሚያስቀጣው፤ ፋብሪካው ዘንድ መሄድ ነው። ከዚያ ምን ተማረች? አራት ሆነው በተከራዩዋት ክፍል ውስጥ ተከፋፈሉት፦ አንዷ ለአራቱ ለቅሶ ትሄዳለች፣ ሦስቱ ሥራ ይገባሉ፣ የሄደችው ደመወዝ ሲቆረጥ አራቱ ያዋጣሉ። ማንም አላስተማራቸውም።

ጋሼ፦ ይሄማ ዕድር ነው!

መምህርት፦ ዕድር ነው፤ ደብተርና ዳኛ ብቻ የለውም። እንደዚህ ነው ደንብ የሚወለደው። በኋላ ደግሞ በታኅሣሥ 2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሉ ከአጎዋ አወጣች፣ ትልልቅ ፋብሪካዎች ሠራተኛ ቀነሱ፣ ያቺ ልጅም ወጣች። ሰዓት ማክበር ተምራ ነበር። ሰዓት ያከበረ ይጠቀማል ተብላ ነበር። ማን እንደሚከፍል እሷም አየች።

ጋሼ፦ አሁን የት ናት?

መምህርት፦ አሞራ ገደል ዓሣ ትጠብሳለች። በሰዓቱ ትከፍታለች ይላሉ።

ጋሼ፦ እንግዲያ የተማረችው አልጠፋባትም።

መምህርት፦ እኔ የሚያንገበግበኝ ክፍሌ ውስጥ ይሄ ሁሉ አለመኖሩ ነው። ተማሪዎቼ ሲጣሉ ወደ ዩኒት ሊደር ይላካሉ። በር ይዘጋል። አንዱ ወላጅ ያመጣል፣ አንዱ አይቀጣም፣ ክፍሉ ምን እንደተወሰነ አያውቅም። ሃምሳ ልጅ ጠቡን አይቷል፤ ፍርዱን አንድ ሰው።

ጋሼ፦ ለምን ክፍሉ ፊት አይጨርሱትም?

መምህርት፦ አስቤበታለሁ። እኔ ፊት ለፊት ቆሜ፣ ሁለቱ ወጥተው...

ጋሼ፦ እሱ ሶንጎ አይደለም፣ ፍርድ ቤት ነው። አንቺ ፊት ከቆምሽ ሁለቱም ለአንቺ ነው የሚናገሩት። አንቺን ለማሳመን ይዋሻሉ። ወንበሮቹን ክብ አድርጊያቸው፤ አንቺ እንደ አንዱ ተቀመጪ፤ መጨረሻ ላይ ተናገሪ።

መምህርት፦ ሃምሳ ወንበር? ክፍሉ አይበቃም።

ጋሼ፦ ከዛፍ ሥር ውሰጃቸዋ።

መምህርት፦ ርዕሰ መምህሩ «ትምህርት ባከነ» ይላሉ።

ጋሼ፦ ይበሉ። አንድ ጊዜ ሥሪው፣ ከዚያ ይቆጡሽ። ግን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ቀን ማንም አይናገርም። እጅ እያወጡ «ቲቸር ቲቸር» ይላሉ። ሁለተኛ ቀን የፈራው ልጅ ይናገራል። ሦስተኛ ቀን ላይ አንዱ ተነሥቶ «አንቺም ባለፈው ተሳስተሽ ቀንሰሽብኛል» ይልሻል።

መምህርት፦ ያኔስ ምን ልበል?

ጋሼ፦ እሱን ነው የሚጠብቁት።

ረዳት፦ (ከሩቅ) ይርጋለም! ይርጋለም! አንድ ሰው የቀረው! ይርጋለም!

መምህርት፦ ማሙሽ፣ ስንት ነው?

ልጁ፦ ያው ነው ቲቸር፤ ግን ግራው ገና አልደረቀም።